አስራ አምስት ሚሊ

ረምዚ ሴሊካውን ከቶርኖ ቤቴ ደጃፍ አቆመ፤
ኮኔል፣ ሰባት ሰዓት፣ ጥላ እንኳ ግድግዳ ሥር ተጋደመ።
"አቦ ጋሼ፣ ጎማዋን እየው፣ ወደ ውስጥ ገብቶባታል፣
ፓራፋንጎው ሥር ተደብቆ ዓይን አፋር አስመስሏታል።
ወደ ውጭ አውጣልኝ፣ ትንሽ ትከሻ ይኑራት፣
በከዚራ ስታልፍ ሰው ዞር ብሎ ይያት።"
"ስንት?"
"አስራ አምስት ሚሊ፣ በየጎኗ።"

ሳቄ መጣ።
እኔ እኮ ሰላሳ ሁለት ዓመት በምድር ባቡር ሥራ
እግር እንዳይሰፋ ጠብቄ ነው የበላሁት እንጀራ።
ከሐዲድ እስከ ሐዲድ አንድ ሜትር፣
ከዚያ ወዲያ ምክር የለም፣ ክርክር።
ከጅቡቲ የገባ ፉርጎ ሥር በባትሪ እየተሳብኩ
ያቺን አንድ ሜትር ስንት ሺህ ሌሊት ጠበቅኩ።
ሁለት ሚሊ ከሰፋ በቀይ ጠመኔ እሰርዘዋለሁ፤
ሹሙ ይቆጣ፣ ሽንኩርቱ ይበስብስ፣ አቆመዋለሁ።

አሁን ያ ሐዲድ ላይ ፍየል ይተኛል።
አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ ያልፋል፣
ሐዲዱም ሰፋ ያለ ነው ይላሉ።
ሄጄ አላየሁትም።

ቶርኖ ግን ትዝታ አያውቅም፣ ያሰሩለትን ይልጣል።
ድፍን አሉሚኒየሙን አስሬ ቢላውን አስጠጋሁ፣
ትኩስ ፍቅፋቂ ክንዴ ላይ ሲወርድ ሳላራግፍ ዋልሁ።
መሃሉ ስልሳ ነጥብ አንድ። ከዚያ አንድ ጸጉር አላልፍም።
"ጋሼ፣ ትንሽ ቢላላ ምን አለበት፣ ዳዶው ይይዘው የለም?"
"ዳዶ አይሸከምም ልጄ፣ አጥብቆ መያዝ ነው ሥራው፤
ክብደቷን የሚችለው ሞዞው ላይ ልክክ ያለው ከንፈሩ ነው።"
የድሮዎቹን ብሎኖች በመዶሻ አስወጥቼ ረዣዥም ተካሁ።
"አጭሩም ይበቃ ነበር" ሲለኝ ዙሩን በጣቱ አስቆጠርኩት፦
"ሦስት ዙር ብቻ የያዘ ዳዶ የበዓል ዘመድ ነው፣
ድግሱ ሲያልቅ አታገኘውም።"

ክሪኩን አወረድነው። ቆመች፣
እንደ ሰርግ ሚዜ ደረቷን ነፍታ።
አማረችኝ። አልነገርኩትም።

"ሐረር ድረስ ሂድ" አልኩት፣ "ሃምሳ ኪሎሜትር ይበቃል፤
ብሎን በመጀመሪያ መንገዱ ነው የልቡን የሚናገር፣ ይላላል።
ደንገጎ መጠምዘዣው ላይ አትቅበጥ፣ አወዳይ ብትቆም የራስህ ጉዳይ፤
ግን ማታውኑ ተመለስ፣ ቁልፌን ይዤ ደግሜ ልይ።"

አስራ አንድ ሰዓት። አስራ ሁለት። ቁልፉን ጨርቅ ላይ አጋድሜ
የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ስለይ አመሸሁ ቆሜ።
"ረስቶሃል፣ ተኛ" አለችኝ አስካለ።
ተኛሁ። በጨለማው ግን አስራ ስድስቱንም ዳዶ
አንድ በአንድ አጠበቅኩ፣ በመስቀል፣ እጄ ከአንሶላው ሥር ሄዶ።

ጠዋት መጣ። አቧራ ብቻ።
የግራው ፓራፋንጎ ውስጡ ተፍቋል።
"ስንት ሰው ጫንክ?"
"ሰርግ ነበር ጋሼ... አክስቶቼ... አራት ናቸው።"
"በዚች መኪና?"
"አቦ፣ እኔ አልጫንኳቸውም፣ እነሱ ናቸው የገቡት።"

ተንበረከክሁ፣ ቁልፌን በየተራ አስገባሁ።
አስራ አምስቱ እንዳሉ ናቸው።
አንዱ፣ የኋላ ቀኝ፣ ግማሽ ዙር ሄደልኝ።
ረምዚ አየ። ዝም አለ። ቆይቶ፣
"ደንገጎ ላይ ይሆን?" አለኝ።
"እንጃ" አልኩት።

"ግባ ጋሼ፣ ላዙርህ።" ገባሁ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ።
የድሮው ሐዲድ ጋ ስንደርስ፣ "ጠምዝዘው" አልኩት፣ "መሃላችን ይሁን፣ እንለካ።"
በመስኮት አንገቴን አስግጌ ወደ ታች አየሁ፦
ጎማው ከሐዲዱ ውጭ፣ በግራም በቀኝም ከጋት በላይ ተርፎ፣
ያቺ አንድ ሜትር ከሥራችን፣
ዝጋ፣ አቧራ ለብሳ፣ እንደተውኳት።

ፊት ለፊት ፍየሏ ተኝታለች።
ረምዚ ጥሩንባ ነፋ።
አልተነሣችም።