የባንዲራ ክፍል ኃላፊ

ሜዳው ላይ አስጀማሪው ሽጉጡን ይተኩሳል፣
ሯጩ ከመስመሩ ተወርውሮ ይነሳል፤
ከስታዲየሙ ጀርባ፣ በቆርቆሮው ጓዳ፣
ፉአቲኖም ትተኩሳለች፣ ጀምራ ከማለዳ፣
በካውያ።
የአፒያ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድብ
ሃያ አራት አገር ትዘረጋለች፣ በየመደብ በየመደብ።

አጎቷ ላፋኤሌ ዘወትር ይላታል፦
«በዲግሪ ጨርቅ መተኮስ፣ ይሄም ሥራ ይባላል?»
እሱ ምኑን ያውቃል!
የተዘቀዘቀ ኮከብ ስንቱን ሚኒስትር እንዳስቆጣ፣
መዝሙር ግማሽ ላይ ሲቆረጥ የሚከተለውን ጣጣ።
ሲሳካላት ማንም ዘወር ብሎ አያያትም፤
አንዴ ብትሳሳት ግን ማንም አይረሳትም።

አንዲት ደሴት ነበረች፣ አንዲት ክብደት አንሺ የላከች፤
ፉአቲኖ የእሷንም ባንዲራ ሁለቴ ተኮሰች።
«አታሸንፍም» አልኳት፣ እኔ ገመድ ሳቢው፣
«መቼ ተሰቅሎ ያውቃል? ባክሽ፣ እጠፊው።»
መልስ አልሰጠችኝም። ማዳመጫዋን አጥልቃ
መዝሙሩን ሰማች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ትንፋሿን አምቃ።

ልጅቷ አራተኛ ሆነች።
በሁለት ኪሎ።
ባንዲራው ሣጥኑ ውስጥ ቀረ፣ እንደታጠፈ፣ ተጠቅሎ።

ዓርብ ኮንትራታችን አለቀ፤ ባጃችንን በመቀስ
ቆራርጠው ሰበሰቡ። የእሷ ሻንጣ ከጥቂት ልብስ
በቀር ባዶ። ቀጣዩ ሥራ ከሁለት ዓመት በኋላ
ባሕር ማዶ ነው፤ አለቃው ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ።

ታክሲው በር ላይ ክላክስ ያደርጋል።
ያን ሣጥን ከፈተች፤ ጨርቁን አወጣች፣ ዘረጋች፤
መሐሉ ላይ የእጥፋት መስመር አየች።
«አውሮፕላኑ ያመልጥሻል» አልኳት።
ካውያውን ሰካች።