የ«ዳ» እግር

«ወረዳ ሆናችሁ» የሚለው ወረቀት
ከማርቆስ ሲመጣ በጥቅምት ጠዋት፣
ወፍጮ ቤቱ በራፍ ተነበበልን፤
ሰንጋ ጣልን ያኔ፣ ጥይት ተኮስን።

ይሁኔ ታፔላ «ሾላ ገደል» ብሎ አስፍቶ ቢጽፍ፣
«ወረዳ» የምትል ጠበባት ከጫፍ፤
ያቺ የመጨረሻ ሚጢጢ «ዳ» ፊደል
ጥጓን ይዛ ቀረች፣ ባለጉዳይ ስትመስል።

ሰባት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ነበርኩ።
ማን ከማን ተጋባ፣ ማን ሞተ፣ መዘገብኩ፤
ግብር፣ ውርስ፣ ድንበር፣ የጠፋች ጊደር፣
በሐምራዊ ማኅተም ሁሉን ስናስር።

ስንሻው በዱቤ ሦስት ክፍል ሠራ፣
ለመንግሥት ሠራተኛ ሊያከራይ በተራ፤
ምርጉ ሳይደርቅለት መጣ ሌላ ወረቀት፦
«በጀት ስለሌለ፣ ተመለሱ ወደ እናት።»
እናት የሚሏትም ሙጋ ማዶ ናት፣
በእግር አራት ሰዓት፣ ያውም በበጋ ወራት።

ኮሚቴ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ጻፈ፦
«ማኅተሙ ይሞረድ።» ሁሉም ፈረመ፣ አለፈ።
ሞረዱ ተነሣ፤ ያኔ ሊቀ መንበሩ
«ቆዩ፤ ይኸ ወረቀት ይታተም» ሲል፣ ሁሉም አፈሩ።
እናም የገዛ ሞቱን አተመ በራሱ፤
ከዚያ በሞረድ ፊቱ ተፋቀ፣ እስከ ጥርሱ።

መዝገቡ በጆንያ፣ በአይሱዙ ተጫነ፤
ሸራው ቀዳዳ ነው፤ ሐምሌ ነው፤ ዘነበ፤ ምን ሆነ፣
አልጠየቀም ማንም።

አትጠገብ ብቻ፣ ዱላዋን ተመርኩዛ፣
መጣች እንደ ልማዷ ቀጠሮዋን ይዛ።
«እግሬን እሾህ ወግቶኝ ሰነበተ፣ ሻረ፤
ወረዳውም፣ አላችሁ፣ ተሻረ፤
ድንበሬን የገፋው ያ ሰው ግን፣ ልጄ፣
ሳይሻር አረሰው ዘንድሮም፣ ከደጄ።»
ምን እላታለሁ? መዝገቧ ቁጥር መቶ አሥራ አራት
«ለውሳኔ ተቀጥሯል» ይላል፤ ጽፌዋለሁ በእጄ፣ ከአራት ዓመት በፊት።

አንድ ጠዋት ታዲያ ዘበኛው ይዘንጋው
(ስሙ ነው እንጂ እሱን ምንም አይዘነጋው)
ታፔላውን አይቶ እየጮኸ መጣ።
ያቺ የ«ዳ» ረጅም እግር ተፍቃ ብትታጣ፣
ሆኖ ተገኘ «ሾላ ገደል ወረደ»።
የሰማ ሳቀ፤ ማንበብ የማይችልም ሊያይ ሄደ።

«ማነው ይህን ያረገ?» አለኝ አፍጥጦ፤
እኔ ዝም።
ምላጩ ኪሴ ነው፣ ምንም ከማይከፍት ቁልፍ ጋር ተቀምጦ።