ስቱኮ ቀለም

ከዓባይ በረሃ ወጥታ፣ እንፋሎቷ ገና ሳይለቃት፣
ደጀን፣ ጋራዤ ደጃፍ፣ አይሱዙ ጎትቶ አመጣት።
አዲስ ናት፤ የወንበር ላስቲኳ ገና አልተገፈፈ፤
ከገደል የወረደ ድንጋይ ግን ጎኗን ደርምሶት አለፈ።
ባለቤቷ ሽታሁን ይባላል፣ የባሕር ዳር ነጋዴ፤
"እሑድ ሰርግ አለብኝ፤ ይደርስልኛል ወይ ዘመዴ?"
መልስ አልሰጠሁትም። ዝም ብዬ ዙሪያዋን ዞርኩ፤
ሠላሳ ዓመት ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ ስንቱን ፊት መዘንኩ።

መጀመሪያ ቀለሟ።
ግራጫ። የማያበራ። የረጠበ ሲሚንቶ።
ይሄ እኮ እኛ ዘንድ ስቱኮ ነው፣
"ነገ ተመለስ" ብለን ደንበኛ የምንሸኝበት፣
ከቀለም በፊት ያለ፣ ቆርቆሮ ራቁቱን የሚታይበት።
ሲሚንቶ ካማራቸው ደጀን በየቀኑ በተሳቢ ይጭናል፤
ሚሊዮን ከፍሎ ሳይቀባ የሚነዳ ሰው ምን ይባላል?

ከዚያ ፊቷ።
ዓይኖቿ ቀጥነው ምላጭ የሰነጠቃቸው ይመስላሉ፤
ዕዳውን የካደ ሰው እንዳየ አበዳሪ ያሾልቃሉ።
አፏ ግን፣ አቤት አፏ! ከፍሬቻ እስከ ፍሬቻ፣
ድግስ ላይ የተጠራ ሆዳም ይመስል፣ አፍ ናት፣ አፍ ብቻ።
የዛሬ መኪና ሁሉ ማን አስቀይሞት ነው ያኮረፈ?
በቆመበት ጠብ ያለሽ በዳቦ፤ ሳይነኩት ሰው የዘለፈ።

ደብረ ማርቆስ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ሐኪም ነበሩ፣ ዶክተር ምሕረቴ፤
ቀይ ፊያት ኩፔ ነበራቸው። እሷን ለማየት ስንቴ
ከትምህርት ቤት ቀረሁ!
ክብ ዓይን ነበራት፣ አራት፣ እንደ ተገረመ ልጅ የበራ፤
ስታልፍ ሰላም የምትል እንጂ የማታስፈራ።

ይህችን ግን ከጎማዋ ጀርባ መተንፈሻ አየሁና ጣቴን ሰደድኩ፤
ግማሽ ጥፍር ሳይገባ ከፕላስቲክ ጋር ተላተምኩ።
ውሸት! ነፋስ የማይገባበት፣ ለመልክ የተቦረቦረ፤
ማርሚታዋም አራት አፍ አለው፣ ሁለቱ ለታይታ የተደረደረ።
የቅኔ ቤት ደጅ ባልረግጥ እንኳ፣ የጎጃም ልጅ ነኝና አውቃለሁ፤
ሰሙን አቅልጬ ወርቅ ካጣሁ "ተታለልኩ" እላለሁ።

ይህን ሁሉ ለእንየው ነገርኩት፤ እንየው ረዳቴ ነው፤
እየሳቀ መዶሻ አቀበለኝ። "በል ጎኗንም እየው።"

እጄን ጎኗ ላይ ጣልኩ።
ዝም አልኩ።

ከበሯ እጀታ ተነሥታ፣ በኋላ ፓራፋንጎዋ ላይ ወጥታ፣
አንዲት መስመር ትሄዳለች፣ ሳትቆረጥ፣ ሳታመነታ።
ዓይን ይዋሻል፣ መዳፍ አይዋሽም፤ መዳፌ እንከን ፈለገ፤
ሄደ፣ ተመለሰ፣ ምንም አጣ፤ እንዳፈረ ሰው አፈገፈገ።
ይህችን የሳለ ሰውዬ ያንን ፊት የሳለው አይመስለኝም፤
ከሆነም አለቃው አጠገቡ ቆሞ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።
ጎኗን ግን ማታ፣ ሰው ሲሄድ፣ ብቻውን ከጭቃ ያወጣት፣
በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ፣ እዚህ ላይ ነው ነፍስ ያስገባት።

ድንጋዩስ የመታው የት ነው? እዚያው፣ መስመሯ መሀል!
ስንት የማይረባ ቦታ ሳላት፣ የሚያምረውን ጎድቷል።

ሦስት ቀን ከውስጥ በመዶሻ፣ ከውጭ እንጨት ደግፌ፣
መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ ምሳዬን ሁለት ጊዜ አሳልፌ፣
መለስኳት። ሁሉንም አይደለም። አንድ ጣት ያህል፣
የእሱ እጅ አልቆ የኔ የጀመረበት ለመዳፌ ይታወቃል።
ሽታሁን አላየውም።
ስቱኮ ለጥፌ፣ በሸካራ ወረቀት አሽቼ፣
በላዩ ስቱኮ የሚመስል ቀለም ረጨሁ፤
የቱ በፊት፣ የቱ በኋላ እንደሆነ ጠፍቶኝ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ሲመሽ፣ በደብረ ማርቆስ መንገድ፣ የኋላ መብራቷ
አንዲት ቀይ ክር ሆና ቀጠነች።
"ፊቷ ግን አስቀያሚ ነው" አልኩት ልጁን።
"እሺ" አለኝ። "በሩን ልዝጋው?"
"ቆይ፤ ኩርባው ጋ ገና አልደረሰችም። እንየው።"