ውሃ ልክ

ሥራዬ ቆጣሪ ማንበብ፣ ደብተር በብብቴ ሸጉጬ ስዞር፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ የሰው ቧንቧ ስቆጥር፤
አንገረብ ሞላም ጎደለም፣ ደብተሬ ቁጥር አያጣም፣
ሁለቴ ውሻ ነክሶኛል፤ ለእሱ አበል አይመጣም።

ከማራኪ በላይ ያለው፣ አዲሱ የሀብታም መንደር፣
«ትንሹ ግቢ» ይሉታል፣ ከፋሲል ሊፎካከር።
ሲገቡ መታወቂያ ነው፤ ዘበኛው ቢምረው ቆሞ፣
«ከየት ነህ?» ይለኛል ሁሌ፣ በየወሩ እያየኝ ደግሞ።

አቶ አደራጀው ነጋዴው፣ በመተማ ሰሊጥ የከበሩ፣
በቤታቸው አራት ማዕዘን፣ አራት እንቁላል ግንብ ደረደሩ።
ፊት ለፊት ወይዘሮ እንጉዳይ፣ የሲሚንቶ የቆርቆሮ፣
አምስት አድርገው ጨረሱ፣ ልክ ለፋሲካ ዘንድሮ።
አንበሳ አስቀረጹ እሳቸው፣ ካፉ ውሃ የሚተፋ፤
እትዬ ደግሞ ገንዳ፣ ከጥምቀተ ባሕር የሰፋ።
አንበሳው ግን ተፍቶ አያውቅም፤ ገንዳው ውስጥ ዳክዬ የለ፣
የጎረቤት ድመት ብቻ፣ ፀሐይ ሲሞቅበት ዋለ።

ውሃው በሃያ ቀን አንዴ፣ ሌሊት ቧንቧ ውስጥ ይስላል፣
ነፋስ ነፋሱን ተፍቶ፣ «በሚቀጥለው ወር» ይላል።

ባለፈው ኅዳር ገባሁ፤ የቆጣሪውን አቧራ ጠረግሁ፣
ዜሮ። ዜሮ። አሁንም ዜሮ። ዜሮ ብዬ መዘገብሁ።
አቶ አደራጀው በቀስታ፣ ከበረንዳው ወርደው ተጠጉ፣
አጥሩን ገላመጡና፣ በጆሮዬ እንዲህ አወጉ፦
«የእሷስ ስንት ይላል?» «ዜሮ፤ የእሳቸውም ዜሮ፣ ጌታዬ።»
«እንግዲያው የኔን መቶ አርገው! እከፍላለሁ፣ አንተዬ!»
ሰው ይቀነስልኝ ሲል እንጂ፣ ይጨመርልኝ ሲል አልሰማሁም፤
ሁለት ኪሎ ሰሊጥ ሰጡኝ። ጉቦ ነው ወይ? አልጠየቅሁም።

ማዶ ስሻገር እትዬ፣ በሩን ከፍተው ጠበቁኝ፣
ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል መሰል፣ ጣሳ ቀለም አስያዙኝ፦
«ከእሱ ሃምሳ አስበልጥልኝ! ደግሞ ለማይቀዳ ውሃ፣
ይሄ ሰሊጥ ቸርቻሪ፣ ሊያየኝ ነው እንዴ እንደ ድሃ?»

ወሬ እግር አለው፤ በሳምንት፣ ሰፈሩን ዞሮ ጨረሰ፤
ጥርስ ሐኪሙ አራት መቶ፣ ባለሆቴሉ አምስት አደረሰ፤
ካንዱም ቤት ጠብታ ሳይወርድ፣ ብዕሬ ብቻ ፈሰሰ።

ዝርዝሩ ቢሮ ሲደርስ፣ የኃላፊው ዓይን ፈጠጠ፤
«ላይ ሰፈር በውሃ ሲዋኝ፣ ታች ሰፈር ምራቁን ዋጠ!
ፈረቃው ይዙር!» አለና፣ ማኅተም መትቶ ሰጠ።
ያን ሌሊት ከቀሃ ማዶ፣ እኛ ሰፈር ያለው ቦኖ፣
ይፈስ ጀመር ያለ ዕረፍት፣ እንደ ነሐሴ ወንዝ ሆኖ።
(ቤቴ ከቦኖው አጠገብ፣ ሦስት እርምጃ ላይ መሆኑ፣
አጋጣሚ ነው። ማል ካላችሁኝ፣ እምላለሁ በየቀኑ።)

ሳምንት አልሞላም፤ ሌሊት፣ ጀሪካኔን ተደግፌ፣
ባለጋቢ ሰው አየሁ፣ ከፊቴ፣ እንቅልፌን አራግፌ።
ጋቢው ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፤ ከኋላዬ በነጠላ፣
ጥለቷን ቀለም የነካው፣ አንዲት ሴት ፊቷን ከልላ።
ትርንጎ፣ የቦኖው ንግሥት፣ ባትሪዋን አበራችና፣
«ጋቢው፣ ሰልፍህን ጠብቅ! ነጠላዋ፣ ቀጥ በይና!»
ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ወደቀ። ተያዩ። ሰልፉ ዝም አለ።
ቢጫ የዘይት ጀሪካን፣ ከቢጫ ጋር ተካከለ።

ከሰልፉ ጫፍ ግንበኛው፣ ሁለቱንም ቤት የሠራ፣
ባልዲውን ደፍቶ ተቀምጦ፣ ድምፁን ከፍ አርጎ ተጣራ፦
«ሦስት ዓመት ሁለቱን ግንብ፣ እኩል ላደርግ ብሞክርም፣
አንዱም 'ጨምር!' አንዱም 'ጨምር!'፤ በገመድ አልሆነም፣ በክርም።
ይኸው ዛሬ ቀጥ አለላችሁ! ማን አውቆት የልኩን ነገር፤
ሰውን ውሃ ልክ የሚያስገባው፣ የውሃ መጥፋት ነበር!»

በወሩ ደብተሬን ይዤ፣ ወጣሁ ያንኑ ዳገት፤
ቢምረው «ከየት ነህ?» አለኝ፤ ውሻውም አለ ከበሩ ፊት።
አቶ አደራጀው ብቅ አሉ፣ የጋቢያቸው ጫፍ ገና እርጥብ፤
«እሷ ስንት ጀሪካን ቀዳች?
ንገረኝ፤ አንድ ልደርብ።»