ርክክብ

አሽቀሎን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የቤተሰብ ችሎት፣
መስኮቱ የማይከፈት፣ ማቀዝቀዣው የሚያፏጭበት፤
እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የሚከፈለኝ፣
ከሆዴ አንዲት ቃል እንዳልጨምር ያስማሉኝ።

የዛሬው ባለጉዳይ አባ ነጋሽ ናቸው፣
ከረባት ያሰሩ፣ ኮታቸው የሰፋቸው።
ከጎናቸው የሻረግ፣
በመታወቂያዋ ሺራ፤
ከአውሮፕላን ስትወርድ አንዲት ጸሐፊ ያወጣችላት ስም።
ያኔም ፊርማ ነበር፤ ያኔም የጠየቀን የለም።

ክስ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦
ባንድ ወር ሦስት የስልክ ውል ፈርመዋል፣
አንድም ስልክ የላቸውም።
ጋዙን ከፍተው ክብሪት ሊገዙ ወጥተዋል።
የጡረታቸውን ገንዘብ ባንኩ በር ላይ
«የእህቴ ልጅ» ላሉት ጎረምሳ አስጨብጠዋል፣
እህት የላቸውም።
ባለፈው ሐሙስ ፖሊስ ያገኛቸው አውቶቡስ ጣቢያ ነው፣
«በቅሎዬን ማን ፈታት?» እያሉ
ሾፌሮቹን ባንድ ባንድ ሲጠይቁ።

ዳኛዋ «አፖትሮፖስ» አለች።
እኔም ቃል ፍለጋ ገባሁ።
«ጠባቂ» ልበል? ጠባቂ ለአዝመራ ነው፣ ለከብት።
«ባለአደራ»? እሱስ ባለቤቱ ለሄደበት ቤት።
«ሞግዚት» አልኩ፤ ቀድሞ ምላሴ ላይ የመጣ፣
ወተት ወተት የሚሸት፣ ከሽበት ጋር የማይወጣ።

አባ ነጋሽ ቀና አሉ።
«ለነጋሽ ሞግዚት?» አሉ። «ደንብ ነው፣
ዘውዱ ሰፍቶት ጆሮው ላይ ሲወርድበት፣
ገና ልጅ ሳለ ነው።»
በስማቸው መጫወታቸውን ለዳኛዋ በምን ቃል ልንገራት?
«ጥያቄው ገብቷቸዋል» አልኩ።
መሐላዬን ያን ጊዜ አጎደልኩ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»
ጣታቸውን ቆጠሩ፣ የተዘጋውን መስኮት አዩ፣
«ጨረቃ ከታየች ዘጠኝ» አሉ።
እንዳለ ተረጎምኩት፣ ይህን እንኳ አላጎደልኩም።
ጸሐፊው ጻፈ፦ ቀኑን አያውቅም።

(ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አየሁ፦
ታሙዝ ዘጠኝ።
መዝገቡ ግን ተዘግቶ ነበር።)

«የሚሉት አለ?» ሲባሉ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔም ባገሬ እዳኝ ነበር፣ ወፍጮው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ።
አባት ለሞተበት ልጅ ላሙን ቆጥሬ፣
ያባቱን ወናፍ፣ ያባቱን መዶሻ ቆጥሬ
ሞግዚት ሾሜያለሁ። ለስድስት ልጅ።
ስማቸውን ልጥራ ብትይኝ እጠራልሻለሁ።
ልጁ ጢም ሲያቀምቅም ሞግዚቱን አስጠራዋለሁ፤
ላሟን ከነጥጃዋ፣ ወናፉን ከነመዶሻው፣
ሰው እያየ ቆጥሮ ያስረክባል።
የኔ ጢም ግን ይኸው፣ በቅሎ፣ ሸብቶ፣ አልቋል።
ለኔ የምታስረክቡኝ መቼ ነው?»

ተረጎምኩ።
ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።
«ይግባኝ የማለት መብት አላቸው» አለች።
መልስ አልነበረም። እሱንም ተረጎምኩ።

የሻረግ ፈረመች፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ተማረችው፣
ፊርማዋ የአባቷን ስም ሲደርስ ዘገየ።

ኮሪደሩ ላይ አባ ነጋሽ ቆሙ።
«አንቺ ነይ» አሉኝ፤ «እማኝ ነሽ።»
ኪሳቸውን ገልብጠው መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጉ፦
ሁለት ቁልፍ፣ የባንክ ካርድ፣
ዐሥራ አራት ሰቅል ከሃምሳ፣
የታጠፈ የጾም ቀን ማስታወሻ፣
ጥርሱ የጎደለ ማበጠሪያ።
«ተረክቤያለሁ በይ።»
አንድ ባንድ ቆጠረች። አልቸኮለችም።
«ተረክቤያለሁ» አለች፣ በአማርኛ፣
ልጆቿን የማታናግርበት በነበረው አማርኛ፤
ማበጠሪያውን ግን መልሳ
ደረት ኪሳቸው ከተተችላቸው።

ይህን እንድተረጉም የጠየቀኝ የለም።