ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ

ድመቴ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ
ጣሳውን ይልሳል ከቧንቧ ሥር ገብቶ።
እየበላ ከሳ፤ እየጠጣ ጠማው፤
ሌሊት ሲነሳሳ ኮቴውን ስሰማው
አልጋዬ ላይ ሆኜ አወቅሁት ሕመሙን፤
እኔም ዐሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜ ስሙን።

ስኳር።
«ድመት?» አለ ሙህዬ፣ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣
«ሻይ ማን አስለመደው፣ ስኳር አብዝቶ ደሞ?»

ስሙ ሊብሬ ነው። ጨቅላ ሳለ፣ በብርድ፣
ከአይሱዙዬ ገብቶ ከመሪው ሥር ሲርድ፣
ሊብሬውን አንጥፎ ተኝቶ ያገኘሁት፤
ትራፊክ ሲጠይቀኝ ሁለቱን የሰጠሁት።

ኮምቦልቻ ወረድን። እሱ በሳሙና ካርቶን፣
እኔ ከጋቢና እየቆጠርኩ ሐረጎን፣
ጥምዝ በጥምዝ፣
የሌለ ፍሬን በእግሬ እየረገጥኩ።

ዶክተር ፎዚያ ሳቀች፤ በኔ ግን አይደለም።
«ላምና ግመል ነው እዚህ የሚታከም፤
ድመት ይዞ ወረፋ የጠበቀ የለም።»
ከጆሮው ጫፍ ላይ ጠብታ ደም ቀዳች፤
ቁጥሩን አየችና ዝም አለች።
እኔም አየሁት፤
ከጠዋት ቁጥሬ በእጥፍ በልጦ አገኘሁት።

«ደፍራሳው አለ፤» አለች፣ «እርስዎ የሚወጉት፣
በጤና መድን ካርድ ወር በወር የሚወስዱት።
መጥፎ አይደለም። ግን የድመት ሰውነት አይታገሥም፤
ጥድፍ አርጎ ይጨርሰዋል።
ጠዋት ቢወጉት፣ ቀትር ላይ ቁልቁል ይለቀዋል፤
አመሻሽ ላይ ስኳሩ ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል።
ጥሩው ግን፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራው፣
ቀስ ብሎ ነው ሥራው።
ዋጋው...» አለችና ጫማዬን አየችው።

ገባኝ።
ሠላሳ ዓመት ከዚህ ዳገት ጋር ተጣልቼ ታርቄ
ኖሬያለሁ፣ ቁልቁለት ምን እንደሚል አውቄ።
ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ፣ ማርሹን ዜሮ ጥሎ
የወረደ ሁሉ
ብረቱ ዛሬም አለ ከገደሉ።
ደፍራሳው ለኔ ይሆናል፤ ከባድ ጭነት ነኝ፣ ዝግ ያለ፤
ሊብሬ ግን ቀላል ነው፤ በዜሮ ከተለቀቀ፣ የለ።
ለሱ ሁለተኛ ማርሽ ነው፣
ሞተሩ እያጉረመረመ፣ እየያዘ የሚያወርደው።

ደሴ ተመልሰን፣ ፒያሳ ፋርማሲ ገባሁ። ጉሙ እስከ ደጁ ተከተለኝ።
ልጅቷ ዋጋውን አልተናገረችም፤ በካልኩሌተር አሳየችኝ፤
የጡረታዬ ሲሶ።
«ሁለት ብልቃጥ ነው የቀረው።»
ከኋላዬ አንዲት እናት፣ ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ፣
«ለልጄ ነው፤» አለችኝ አንገቷን አዘንብላ፤
«እርስዎስ አባቴ? ለማን ነው?»
ለሊብሬ፣ አልኳት።
«ስንት ዓመቱ ነው?»
ዘጠኝ።
ከንፈሯን መጠጠች። «የኔም ዘጠኝ።
አላህ ያሽርልዎ።»
አሜን አልኩ።

አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን ወጣን፤
እስከ ሸዋ በር አብረን ሄድን፣ ስለ መርፌ እያወጋን።
ያለቅሳል ወይ? አለችኝ።
ያኮርፋል፣ አልኳት፤ አልጋ ሥር ይገባል።
«የኔማ ሰፈሩን ነው የሚቀሰቅሰው፤» አለችና ሳቀች፣
እንባዋን ሳትጠርግ።

ዛሬ መብራት የለም። ብልቃጡን ከመስኮቱ ደፍ አኖርኩት፤
ለጦሳ ብርድ አደራ ሰጠሁት።
የኔን ደፍራሳ በመዳፎቼ መሀል አሽከርክሬ ተወጋሁ፤
የሱን፣ አንዲት ሰረዝ ብቻ፣ በባትሪ ብርሃን ለካሁ።
ነገ ብትገጥመኝ እውነቱን እነግራት ይሆናል፤
ወይም ስለ ልጇ ጠይቄ፣ ዝም ብዬ አልፍ ይሆናል።
አሁን ግን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው።
ቆዳውን በሁለት ጣቴ አነሳሁለት፤ ዞሮም አላየኝ፤
ጭኔ ላይ ነው፣ ማርሹን አስገብቷል፤
እያጉረመረመ ቁልቁለቱን ይዟል።