ሰማያዊ ሱሪ

በብሪጅፖርት ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ከቀይ ጡብ ፋብሪካ ውስጥ፣ መስኮቱ በጥላሸት ተጋርዶ፣
እናቴ ብሮንያ
ጀግኖችን በቁጥር ቀባች፣ ሃያ ዓመት ተጎንብሳ፤
የሰው ሁሉ ሥጋ ቁጥር ሁለት፣ ሰማይ ሁሉ ስድሳ።
መሳሉ የወንዶች ነበር፣ ኒውዮርክ፣ ፎቅ ቤት ላይ፤
ለሴቶቹ የሚደርሳቸው
ቀዩን ከቢጫው መለየት፣ ቢጫውን ከሰማይ።

ካፒቴን መዶሻ ሲመጣ ሙሉ ገጽ ይሰጠዋል፤
እግሩን አንፈራጥጦ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል ያየዋል።
ነሐሲት ግን
(ተራራ የምትንድ ናት፣ ይላል አርእስቱ ሲነበብ)
ትቆማለች ተጠማዝዛ፣ እንደ ተጨመቀ ልብስ፣ እንደ እባብ፣
ደረቷም ዳሌዋም ባንዴ ወደ አንባቢው እንዲዞር፤
አንጀት የሌላት ይመስል፣ ምሳ በልታ የማታድር።
ወገቧ ከእሱ አንገት ይቀጥናል፤
በስንዝር ተረከዝ ጫማ ከጣራ ጣራ ትዘላለች ይባላል።
ቡጢ ስትሰነዝር እንኳ አፏ ለመሳም የተከፈተ፤
ዓይኗ ጠላቷን ትቶ እኛን ያየ፣ እኛን የጎተተ።

ገጽ አሥራ አራት ላይ ራሷን ትስታለች።
ገጽ አሥራ ስድስት ላይ እቅፉ ውስጥ ትሞታለች።
እሱ ይጮኻል። እሱ ይቆጣል። የሞተችውም ለዚሁ ነው፤
ሬሳዋ ማገዶ፣ የእሱ ታሪክ እሳት እንዲይዝ ነው።
በመጋቢት ሞታ በሰኔ ትነሳለች፣ ከንፈሯ እንደተቀባ፤
መሞቷን የነገራት የለ፣ የጠየቃትም የለ፣ ያፈሰሰላትም እንባ።

እናቴ በምሳ ሰዓት፣ ያበጠ እግሯን ሳጥን ላይ ሰቅላ፣
"ይቺ ልጅ አይበርዳትም?" ትላለች፣ ቋሊማዋን በዳቦ ጠቅልላ።
"ጥር ነው፣ በረዶ ነው! እሱን ካባ አልብሰውታል፤
እሷን በጡት ማስያዣ ሰማይ ላይ ሰቅለዋታል።"
ኮንቸታ ትስቃለች፤ "ያሞቃታል ቁጣዋ፤
አንቺ ቁጥር ሁለትሽን ቀቢ፣ ዳቦሽ ነው ገላዋ።"

በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ፣
ሚስተር ሃሎራን ስልክ ሲያወራ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ
(ለእኛ የምለው ከልማድ ነው፤ እኔ አልነበርኩም፣
እሷ ናት ያወራችኝ፣ ዓመቱ ሁሉ አልፎ፣ ሁሉም ነገር ተረስቶ)፣
የነሐሲትን እግር ከቀዩ ፊልም ላይ ተወችው፤
ከሰማያዊው ላይ፣ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞላችው።
በየገጹ፣ በየሳጥኑ።
መስመር አልነካችም።
ያንን አጥንት አልባ ጀርባ የሚያቃና ብሩሽ አልነበራትም።
ሱሪ አለበሰቻት። በቃ። ከዚያ በላይ አልቻለችም።

መጽሔቱ ታትሞ ወጣ። ከኒውዮርክ ስልክ ተደወለ።
ከደሞዟ የሁለት ቀን ጎደለ።
"ዓይኔ ደክሞ ነው" አለች፤ መነጽር እንድትገዛ ታዘዘች፤
ገዛች።
በሚቀጥለው እትም ነሐሲት እግሯን ገልጣ ተመለሰች።

እኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ያንን እትም አልጋ ሥር ደብቄ፣
ሰማያዊ ሱሪዬን ታጥቄ፣
ከኖቫክ ቤት አጥር ላይ ዘለልኩ፤ የምበር መስሎኝ።
ወደቅኩ እንጂ። ሱሪው ተቀደደ።
ጉልበቴን ግን ምንም አልነካኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዋተርበሪ፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣
ከተሰበረ ሬዲዮና ከአንድ እግር ስኬቲንግ ጫማ ጎን፣ አገኘሁት፤
ሻጩ ፂሙን እያከከ፣ ሳልጠይቀው፣
"ይሄ ርካሽ ነው" አለኝ፣ "የኅትመት ስህተት አለበት፤
እግሯን ተመልከቺ፣ አንዱ ሰነፍ ቀለም ደፍቶበት።"

ሦስት ዶላር ከፈልኩት።
መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ገለጥኩት።
ገጽ አሥራ ስድስት።
እንደ ሁልጊዜው እቅፉ ውስጥ ናት፤ እንደ ሁልጊዜው ሞታለች፤ እሱም አፉን ከፍቶ ይጮኻል እስኪደክም።
ግን አይበርዳትም።